ከብብት ሥር የሚገባ ቁራጭ

ሬዲሜድ ሸሚዝ የሚቆርጠው ሰውዬ፣ ማንም ይሁን ማን፣ ሴት አይቶ የሚያውቅ አይመስልም። ያየው ጣውላ ነው። ትከሻው ልክ የሆነላት ሴት ደረቷ ላይ ቁልፉ አልገጥም ይላታል፤ ደረቷን የቻለላት ደግሞ ትከሻው እስከ ክንዷ ወርዶ የታላቅ ወንድሟን ልብስ የተዋሰች ያስመስላታል። በሦስተኛውና በአራተኛው ቁልፍ መካከል ያለችው ክፍተት ከሁሉም የባሰች ናት። ሴትየዋ ስትቀመጥ አፏን ትከፍታለች፤ ስትስቅ አብራ ትስቃለች። ስለዚህ ሴትየዋ ወይ መሳቅ ትተዋለች፣ ወይ በመርፌ ቁልፍ ታያይዘዋለች፣ ወይ በዚያ ሁሉ ሙቀት ሹራብ ትደርብበታለች። ለዚህ መላ የምታውቅ አንዲት ሴት ነበረች።

እትዬ ነበር የሚሏት። ስም ሳይኖራት ቀርቶ አይደለም። ታናሽ እህቷ አፏን ከፈታች ጀምሮ እትዬ ስላለቻት፣ ጎረቤቱም ደንበኛውም ተከትሎ እትዬ አለ፤ በዕድሜ የሚበልጧት አሮጊቶች ሳይቀሩ። የምትሠራው ከአንድ የልብስ ሱቅ ጀርባ፣ በመጋረጃ በተከለለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። አንድ የልብስ ስፌት መኪና፣ አንድ የመተኮሻ ጠረጴዛ፣ አንድ በርጩማ፣ ግድግዳው ላይ የተደገፈ ቁመት ሙሉ የሚያሳይ መስታወት፤ ሌላ ነገር ይጨመር ቢባል ከሁለቱ ሴቶች አንዷ መውጣት አለባት። ባለሱቁ ከፊት ይሸጣል። የገዛችው ሴት ለብሳ አይታ ፊቷ ሲጠቁር፣ "ግድ የለም፣ ወደ ውስጥ ግቢ፣ እትዬ አለችልሽ" ይላታል።

እትዬ ልብሱን አልብሳ ታቆማታለች። "እጅሽን አንሺ" ትላለች። "ተቀመጪ። እስቲ መሬት የወደቀ ነገር እንደምታነሺ ጎንበስ በይ። አሁን ተንፍሺ፤ ለእኔ ብለሽ ትንፋሽሽን አትያዢ።" ሜትሩ አንገቷ ላይ ለወጉ ይንጠለጠላል እንጂ ደረት ላይ አርፎ አያውቅም። ቁጥር ጮክ ተብሎ ሲነገር ሴት እንደምትሸማቀቅ ታውቃለች። የምትለካው በዓይኗ ነው፤ በጣት፣ በግማሽ ጣት። ከዚያ በሳሙና ስባሪ ከብብት በታች አንዲት መስመር ትጭራለች፣ በምላጭ የጎኑን ስፌት አንድ ስንዝር ያህል ትተረትራለች፣ ከጠርዙ እጥፋት ወይም ከኪሱ ውስጥ ጨርቅ ትሰርቅና፣ ሁለት ጫፏ የሾለ ወገቧ የሰፋ ቁራጭ ቆርጣ ትገጥምበታለች። ከጎን ወደ ደረት የምትሄድ ትንሽ እጥፋትም፣ ልብስ ሰፊዎች ፔንስ የሚሏትን፣ ትጨምርበታለች። ክንድ ሲወርድ ቁራጯ አትታይም። ሴትየዋ መስታወቱ ፊት ቆማ ትቆልፋለች፤ ቁልፉ ይገባል፤ ክፍተቷም አፏን ዘግታ ትቀመጣለች። ከዚያች ክፍል እንባቸውን እየጠረጉ የወጡ ሴቶች አሉ። ለአንድ ሸሚዝ ማልቀስ ምን ይሉታል የሚል ካለ፣ ሰው መሀል ደረቱ ላይ ቁልፍ ተፈትቶበት የማያውቅ ሰው ነው።

አንድ ሕግ ነበራት። ሙያውን ያስተማረቻት አሮጊት፣ "ያየሽውን ለመርፌሽ ንገሪ፣ ለምላስሽ አትንገሪ፤ ዝም አይነቅዝም" ትላት ነበር። በሠላሳ ዓመት ውስጥ ሁለቱ የደረቷ ጎኖች እኩል የሆኑላት ሴት እትዬን አላጋጠመቻትም። የአንዷ ግራዋ ይበልጣል፣ የአንዷ ቀኟ ዝቅ ይላል፣ አንዷ አርግዛ ለእናቷ ገና አልተናገረችም፣ አንዷ ክንዷ ላይ የሰው ጣት ምልክት አለባት። እትዬ ሁሉንም ታያለች። በአንዱ ጎን ሰፋ ያለ፣ በሌላው ጎን ጠበብ ያለ ቁራጭ ታስገባና ሴትየዋ የተስተካከለች መስላ ትወጣለች፤ ስለ ገላዋ አንድ ቃል ሳትሰማ። ከሦስት ሰፈር ተሻግረው የሚመጡት ለዚህ ነበር። ባለሱቁ ወሬ ይወዳልና፣ "እስቲ የኔን ሚስት ስንት ጣት እንዳሰፋሽላት ንገሪኝ" እያለ ይለክፋታል። "ሚስትህን ጠይቃት" ትለዋለች። "ፈርቼ እኮ ነው" ይላል እሱ። ከዚህ ያለፈ ከአፏ አውጥቶ አያውቅም። ሆድ ይፍጀው ነበር የእትዬ ሃይማኖት።

ሙያው ራሱ ከሆድ የመጣ ነው። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ሳለች ደረቷ ከዕድሜዋ ቀድሞ ሄደ፤ የትምህርት ቤቱ የደንብ ልብስ ግን ባለበት ቆሞ ቀረ። አንድ ቀን ሰሌዳ ላይ እንድትጽፍ ተጠርታ ክንዷን ስታነሳ፣ ሦስተኛው ቁልፍ ተፈናጥሮ ፊት ለፊት የተቀመጠ ልጅ ጠረጴዛ ላይ አረፈ። ልጁ ቁልፉን በሁለት ጣቱ ይዞ ብድግ አለና፣ "ይህ የማን ነው?" ብሎ ጠየቀ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። አስተማሪውም ሳቀ። አስተማሪው ባይስቅ ኖሮ ምናልባት በማግስቱ ትመለስ ነበር። አልተመለሰችም። እናታቸው በዚያው ዓመት ታማ ሞተች፤ አባት ቀድሞውንም አልነበረም፤ እትዬ ከአሮጊቷ ልብስ ሰፊ ዘንድ ገብታ እህቷን ማሳደግ ጀመረች።

እህቷ በስምንት ዓመት ታንሳታለች። እትዬ ሚጣ ትላታለች፤ ዛሬ አርባ አራት ዓመት የሞላት፣ የልጅ እናት፣ ሃምሳ ተማሪ በአንድ ዓይኗ ጸጥ የምታሰኝ አስተማሪ ናት፤ ለእትዬ ግን ያው ሚጣ ናት። ዘር ከልጓም ይስባል እንዲሉ፣ ያ ደረት በጊዜው ለሚጣም መጣላት። አንድ ቀን ጠዋት እትዬ እህቷ ደብተሯን ደረቷ ላይ አቅፋ፣ ትከሻዋን ወደ ውስጥ ሰብስባ፣ ግድግዳ ግድግዳውን ታክካ ስትሄድ አየቻት። ቅዳሜ ልብሱ ታጥቦ ሲደርቅ ጎኑን ተርትራ በሁለቱም በኩል ቁራጭ አስገባችበት። ሰኞ ጠዋት ሚጣ ቆለፈችው፤ ክንዷን አነሳች፣ አወረደች፣ ደግማ አነሳች። እህቷን አየቻት። ስለዚህ ነገር አንድ ቃል ሳይነጋገሩ ሚጣ ትምህርቷን ጨረሰች፣ አስተማሪ ሆነች፣ ከዚያ በኋላ ሃያ ዓመት ሙሉ ሰሌዳ ላይ ክንዷን ቀጥ አድርጋ እያነሳች ጻፈች። እትዬ ባል አላገባችም፣ ቤት አልሠራችም፤ በዚህ ዓለም የምትኮራበት አንድ ነገር ቢኖር የዚያች ክንድ መነሳት ነበር።

ሚጣ የረጅም መንገድ አውቶቡስ ሾፌር አገባች፤ ሴት ልጅ ወለደች፤ ቤቷ ከእትዬ ቤት ሁለት መንገድ ብቻ የሚያርቅ ነው። የምትገዛው ሸሚዝ ሁሉ መጀመሪያ የእትዬን መጋረጃ ሳያልፍ ትምህርት ቤት ገብቶ አያውቅም።

ባለፈው ዓመት ትምህርት ሊከፈት ሳምንት ሲቀረው ሚጣ አንድ ውሃ ሰማያዊ ሸሚዝ ገዝታ መጣች። እትዬ እንደ ወትሮው አልብሳ አቆመቻት። የሚጣን ገላ ከራሷ ገላ ይልቅ ታውቀዋለች፤ በትንሹ የሚበልጠው ሁልጊዜ ቀኟ ነበር። የቀኙ ቁራጭ ከግራው በስፌት ውፍረት ያህል ሰፋ ይላል፤ ሠላሳ ዓመት እንዲሁ ነው። ያን ቀን ግን ግራው አልፎታል፤ በግማሽ ጣት። የእትዬ እጅ ሳሙናውን እንደያዘ ቆመ። ቀና ስትል መስታወቱ ውስጥ የሚጣ ዓይን ዓይኗ ላይ ነበር።

"ምነው?" አለች ሚጣ።

"ምንም። ዙሪ" አለች እትዬ።

ወፍራለች፣ ደግሞም ዕድሜ ነው፣ አርባ ዓመት ካለፈ በኋላ ገላ የሚያደርገውን አያውቅም፣ ብላ ራሷን አሳመነች። የግራውን ቁራጭ ሰፋ አድርጋ ቆረጠች፣ ፔንሱን ትንሽ ከፍ አደረገችው፣ ሚጣም ለብሳው ሄደች። በሁለተኛው ወር ቡናማ ሸሚዟን ይዛ መጣች፤ "እስቲ እይልኝ፣ እየያዘኝ ነው" አለች። እትዬ ግራውን አንድ ጣት ሙሉ ለቀቀችለት፤ ሰማያዊውም በየጊዜው አብሮ እየመጣ እንዲሁ ይለቀቅ ነበር። ከዚያ ነጩ መጣ። ነጩን ስትሰካካ የእጇ ጀርባ ከልብሱ ሥር ጠጠር ያለ ነገር ነካ። የጡት መያዣው ሽቦ ነው አለች። ሽቦ እዚያ ቦታ ላይ ምን ያደርጋል ብላ ግን አልጠየቀችም። በአራተኛው ጊዜ ቆዳው ራሱ፣ ክር እንደሳበው ጨርቅ፣ ወደ ውስጥ ተሸብሽቦ አየችው፤ ሸሚዙ እንዳያሳብቅ ከውስጥ በኩል ወፈር ያለ ገበር ሰፋችበት። ገበሩ ያምር ነበር፤ ይህን መካድ አይቻልም። አንድ ቀን በትምህርት ቤቱ አጥር በኩል ስታልፍ ሚጣን ተማሪዎች መሀል ቆማ አየቻትና፣ ማንም ምንም አያውቅም፣ እጄ አልከዳኝም ብላ ደስ ብሏት ሄደች። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላሉ፤ እትዬ ጠርጥራ ነው የተመነጠረችው።

ሾፌሩ አንድ ጠዋት መጋረጃውን ገልጦ ገባ። በዚያ መጋረጃ ወንድ ገብቶ አያውቅም።

"እትዬ፣ ሚጣ ክፍል ውስጥ ወደቀች። ወገቧን ነው የምትለው። ሐኪም ቤት ናት" አለ።

እትዬ ምላጩን ከእጇ ሳታስቀምጥ ነበር የወጣችው፤ መንገድ ላይ ነው ያየችው። ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት፤ ነጭ ካፖርቷ ትከሻው ላይ ይሰፋታል፣ ደረቷ ላይ ይጠባታል፤ እትዬ በዚያች ሰዓት እንኳ ይህን አየች፣ ራሷንም ረገመች። ሚጣ አልጋ ላይ ተጋድማለች። ሐኪሟ መረመረቻት፣ አጥንቷንና ሆዷን ፎቶ አስነሳቻት፣ ከግራ ደረቷ እብጠት ናሙና ወሰደች፣ ከጥቂት ቀን በኋላ ውጤቱን ይዛ ተመልሳ መጣች።

"ይህ እብጠት ከጀመረ ስንት ጊዜ ሆነው?" ስትል ጠየቀቻት።

ሚጣ ጣሪያውን አየች። "ሦስት ወር ቢሆን ነው" አለች።

እትዬ ግድግዳ ተደግፋ ቆማ ነበር። ዓመት ከአንድ ወር ነው፤ ከሰማያዊው ሸሚዝ ጀምሮ፤ ልቧ ቀኑን ሳይቀር ይቆጥራል።

ሐኪሟ ሾፌሩንና እትዬን ወደ ኮሪደሩ አወጣቻቸው። "ካንሰር ነው፤ አጥንቷ ውስጥ ገብቷል፣ ጉበቷም ላይ አለ። አሁን መቁረጥ አይጠቅማትም፤ ሥቃዩን የሚያስታግስ መድኃኒት እንሰጣታለን" አለች። ከዚያ ወደ እትዬ ዞራ፣ "ቢያንስ ከዓመት በፊት መጥታ ቢሆን ኖሮ እናቴ፣ የምነግርዎት ሌላ ነበር" አለቻት። ክፋት አልነበረባትም፤ ዝም ብላ እውነቱን መናገሯ ነው። እትዬ አግዳሚው ወንበር ላይ ተቀመጠች።

"ለእሷ እንዳይነግሩብኝ፣ እትዬ" አለ ሾፌሩ። ፊቱን በመዳፉ ይጠርጋል። "ተስፋ ከቆረጠች ቀድማ ነው የምትሄድብን። ትድኛለሽ ነው የምንላት። እግዜር ያውቃል።"

ደግሞ ዝም በይ ተባለች። ይህን ሥራ ከማንም በላይ ስለምታውቀው እሺ አለች።

ከዚያ ወዲያ እትዬ በመኪናዋ ፊት መቀመጥ የእግር እሳት ሆነባት። ገላ ባየች ቁጥር ልቧ ይደነግጣል። አንዲት ደንበኛዋ፣ ዘጠኝ ዓመት የምታውቃት የባንክ ሠራተኛ፣ አዲስ ሸሚዝ ይዛ መጣች። ቀኟ ከበፊቱ ጨምሯል፤ ወይም ለእትዬ እንደዚያ መሰላት።

"የኔ እህት፣ አትቀየሚኝና፣ ይህን ጎንሽን ሐኪም አይቶልሽ ያውቃል?" አለች እትዬ፤ ድምፅዋ ለራሷ ባዳ ሆነባት።

ሴትየዋ ሸሚዙን በሁለት እጇ ሰብስባ ያዘች። "ምን አየሽብኝ?"

"ምንም ላይሆን ይችላል። ብቻ..."

"እኔ አንቺ ዘንድ የምመጣው እንደዚህ ስለማትዪ ነበር" አለች ሴትየዋ። "ሸሚዝ ልታሰፊልኝ ነው ወይስ ልታሟርቺብኝ?" ልብሷን ቀይራ፣ መጋረጃውን እንደገለጠች ትታ ወጣች። ተመልሳ አልመጣችም። ሁለት ጓደኞቿም ቀሩ። ባለሱቁ ያን ቀን አልቀለደም፤ እሱም ለመጀመሪያ ጊዜ መጋረጃውን አልፎ በርጩማው ጫፍ ላይ ቁጭ ብሎ፣ "እትዬ፣ ኀዘን ላይ ነሽ፣ ይገባኛል። ግን ሰው ሬዲሜድ ገዝቶ በሽታ ተመርቆለት አይሄድም" አላት። ልክ ነው። ብትናገር ሰው ይርቃታል፣ ዝም ብትል ሰው ይሞትባታል። ከሁለቱ መሀል መርፌ የምታልፍበት ቀዳዳ አላገኘችም።

ሚጣ ቤቷ ተኝታ እየቀለለች ሄደች። ለሁለተኛው መንፈቀ ዓመት እመለሳለሁ ትላለች፤ ሾፌሩ፣ "ምን ጥርጥር አለው" ይላል፤ ልጅቷ ከእናቷ ፊት ትስቅና ወጥ ቤት ገብታ ታለቅሳለች። አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። አንድ ሳምንት ሚጣ፣ "ሸሚዞቼ ሁሉ ሰፉኝ። ወስደሽ አጥብቢልኝ፣ ክፍል የምገባበት እንዳይቸግረኝ" አለች። እትዬ ወስዳ በሁለት በሁለት ጣት ሰብስባ መለሰች። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ደግሞ ሰፉ።

ለሁለተኛ ጊዜ ልታጠብበው ሰማያዊውን ሸሚዝ ስትተረትር ነው ነገሩ የመጣባት። ጨርቅ ሲለቀቅ የድሮው ስፌት መርፌ የወጋበት ቀዳዳ መስመር ሆኖ ይቀራል፤ ካውያ አያጠፋውም፣ ውሃ አያጠፋውም። የማጥበቢያውን መስመር ትተን፣ በቀኙ ጎን አንድ መስመር ብቻ አለ። በግራው ጎን አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። እያንዳንዱ የተሠራው በእሷ እጅ ነው፤ ቀጥ ያለ፣ ያልተንጋደደ፣ እንከን የማይወጣለት። ማንም ዳኛ ቢያየው ሌላ ምስክር አይፈልግም። እትዬ ሸሚዙን ጭኗ ላይ አድርጋ ብዙ ተቀመጠች። ከዚያ እንዳለ፣ ጎኑ እንደተተረተረ፣ ጠቅልላ ተነሣች።

ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ነበር። ሾፌሩ መንገድ ወጥቷል፤ ልጅቷ በሚቀጥለው ክፍል ታጠናለች። ሚጣ በሦስት ትራስ ተደግፋ ተቀምጣለች። እትዬ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና ሸሚዙን ዘረጋችው።

"ሚጣዬ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ ነው። ቀድሞ መናገር ነበረብኝ።"

"ንገሪኝ።"

"አይቼው ነበር። ከዓመት በፊት፣ ይህን ሸሚዝ ያመጣሽ ቀን። ከዚያም ወዲህ በየጊዜው። ሲጨምር እያየሁ ነበር የማሰፋው። ነጩን ስሰካልሽ በእጄ ነክቼዋለሁ። ነክቼው ሽቦ ነው አልኩ።" ከዚህ በላይ መናገር አልቻለችም፤ እንባዋ ሸሚዙ ላይ ወረደ። "እኔ ነኝ የገደልኩሽ" አለች።

ሚጣ አላለቀሰችም። የሸሚዙን ጎን ይዛ መስመሮቹን በጣቷ ተከተለቻቸው።

"አውቃለሁ" አለች።

"ምኑን?"

"እንዳየሽው። ያን ቀን ቤት ገብቼ ገልብጬ አየሁት። የግራው ቁራጭ ሰፍቷል። እትዬ አይታዋለች አልኩ። እትዬ የስፌት ውፍረት የማያመልጣት ሴት፣ አይታ ዝም ካለች ክፉ ነገር አይደለም ማለት ነው አልኩ። እንቅልፌን ተኛሁ፣ እውነቴን ነው። ለወራት የተኛሁት በአንቺ ዝምታ ነው።"

"እኔ ደግሞ ካመማት ትናገራለች ብዬ ነበር።"

"አያምም ነበር እኮ።" ሚጣ ዓይኗን ከሸሚዙ አነሳች። "ነጩ ጠቦኝ መሰለሽ ያመጣሁት? ይቆለፍ ነበር። ቡናማውም። ፈርቼ ነበር የማመጣው። ታይና ትናገራለች እያልኩ። መስታወቱ ውስጥ ዓይን ዓይንሽን ሳይሽ አላየሽኝም?"

"አይቼሻለሁ።"

"እና?"

"ዙሪ አልኩሽ።"

"እኔም ዞርኩ" አለች ሚጣ። ልትስቅ ሞከረች፤ ሳቁ ሳል ሆነባት። "እኛ ሁለት ጨዋዎች። አንድ ቀን አፍ አውጥተን ጡት የሚለውን ቃል ተጠራርተን አናውቅም እኮ፣ እትዬ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ አንዴም።"

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። ሁለት የሚዋደዱ ሰዎች ተጋግዘው ሲደብቁት ምን እንደሚሆን ግን ተረቱ አይናገርም፤ ወይ የሚናገር አፍ አልተረፈም ይሆናል። እትዬ ይቅር በይኝ ልትል ፈልጋ ነበር የመጣችው። አሁን ቃሉ ትንሽ ሆኖ ታያት፤ ሳትለው ቀረች።

ሚጣ ብርድ ልብሱን ከትከሻዋ አወረደች።

"አሁንስ ምን ታያለሽ?" አለች።

"እንዴት?"

"እሱ ትድኛለሽ ይለኛል። ልጅቷ ትድኛለሽ ትለኛለች። ሐኪሟ እንኳ ወለሉን እያየች ነው የምታናግረኝ። አንቺ እይኝና ንገሪኝ። ዓይንሽን አውቀዋለሁ። ያኔ የነፈግሽኝን አሁን ስጪኝ።"

እትዬ አየቻት። የአንገቷ አጥንት ወጥቷል። ከሦስት ሳምንት በፊት ሁለት ጣት ያጠበበችው ልብስ አሁን ሦስት ጣት ይሰፋታል፤ በዚህ አካሄድ ከአንድ ወር በኋላ የሚለካ ገላ አይኖርም። ሒሳቡ ከሐኪሟ ወረቀት ይልቅ የጠራ ነበር። የሾፌሩን አደራ አሰበች። ትድኛለሽ የምትለዋ ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ ነበረች፤ ለመናገር በጣም ቀላል ነበረች።

"አትድኚም፣ ሚጣዬ" አለች።

ሚጣ ዓይኗን ጨፈነች። ከመስኮቱ ውጭ አንድ መኪና አልነሣ ብሎ ያጓራል። "እሺ" አለች በመጨረሻ፤ ብዙ ቀን የሚበላትን ቦታ ሰው ያከከላት ይመስል ትከሻዋ ወረደ። ቀጥሎ ግን ፊቷ እንደ ልጅ ተጨማደደ፣ እትዬም አቀፈቻት፣ ተያይዘው ብዙ አለቀሱ፤ ልጅቷ እንዳትሰማ ድምፃቸውን ውጠው።

ሲበቃቸው ሚጣ ፊቷን በሸሚዙ እጅጌ ጠረገች። "እንግዲያው ይህን ለእኔ አታጥብቢው። ለልጅቷ አድርጊላት። የእኔን ልብስ ትወዳለች" አለች፤ ጠራቻትም።

ልጅቷ መጣች። የእናቷንና የአክስቷን ዓይን አይታ ምንም አልጠየቀችም፤ በዚያ ቤት መጠየቅ ማንም አላስተማራትም። ሰማያዊውን ሸሚዝ ከካናቴራዋ ላይ ደረበችው። የጎኑ ስፌት እንደተፈታ ነው። እትዬ ከፊቷ ቆመች። "እጅሽን አንሺ" አለች። ልጅቷ አነሳች፤ ክንዷ ረጅምና ቀጥ ያለ ነው።

"ምን ታያለሽ?" አለች ሚጣ ከአልጋው።

እትዬ አየች። የልጅቷ ግራ ከቀኟ በትንሹ ይበልጣል። እንዲህ ያለውን ሺህ ጊዜ አይታለች፤ በዚህ ዕድሜ ምንም አይደለም። ዓምና ቢሆን መስመሯን ጭራ ዙሪ ትላት ነበር። አሁን ግን ምንም የሆነውን ምንም ካልሆነው የምትለይበት ዓይን የላትም፤ ያ ዓይን ሚጣ ላይ ተሰብሯል። ምንም አይደለም ብላ ልትምልበት የምትችል አንድም ገላ በዓለም ላይ አልቀረላትም።

"እትዬ፣ ጮክ ብለሽ ንገሪኝ" አለች ሚጣ።

"ግራዋ ይበልጣል" አለች እትዬ።

ልጅቷ ክንዶቿን አወረደችና ደረቷ ላይ አጣመረች። እናቷን አየች፣ አክስቷን አየች። "ምን ማለት ነው?" አለች። ሚጣ በክርኗ ተደግፋ ልትነሣ ሞከረች፤ አልቻለችም፤ ትራሱ ላይ ተመልሳ ወደቀች።

"ሰኞ ሐኪሟ ዘንድ ውሰጃት" አለች።

"እወስዳታለሁ" አለች እትዬ።

ሸሚዙ ገና አልተለካም። ልጅቷ ትከሻዋን ወደ ውስጥ ሰብስባ ቆማለች፣ ክንዶቿንም ከደረቷ ላይ አላነሳችም፤ እትዬም አውርጃቸው ልትላት አልደፈረችም።